ስምና መዝገብ፦ የኬፕ ሁጉኖቶች የዘር ሐረግ እንዴት ተጠበቀ?

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

ትምህርታዊ ዝግጅታችን ዛሬ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይዟችሁ ይጓዛል።

የደቡብ አፍሪካን የራግቢ ጨዋታ የተከታተለ ወይም የአገሪቱን ጋዜጣ ያገላበጠ ሰው ዱ ቶይ፣ ለ ሩ፣ ማሬ፣ ዱ ፕሌሲ፣ ደ ቪሊየርስ የሚሉ ስሞች ደጋግመው ያጋጥሙታል። ስሞቹ የፈረንሳይ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ግን አብዛኞቹ ፈረንሳይኛ አይሰሙም፤ አፋቸውን የፈቱት በአፍሪካንስ ነው። ስሙን ወደዚያ ያመጡት ከ300 ዓመታት በላይ አስቀድሞ በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ የተሰደዱ ሁጉኖቶች ናቸው። ቋንቋቸው ከጠፋ ዘመናት ተቆጥረዋል። ታዲያ የዛሬው ትውልድ "የኔ ዘር ከላ ሮሼል ነው፣ የኔ ደግሞ ከሊል" ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ምን ይዞ ነው? በዚያ ምድር የማን ታሪክ ተጽፎ ተቀመጠ? የማንስ ሳይጻፍ ቀረ? የዛሬው ትምህርታችን በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ያተኩራል። የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልን።

(አጭር ሙዚቃ)

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ሁጉኖቶች የሚባሉት በ16ኛው ክፍለ ዘመን የዣን ካልቪንን ትምህርት የተቀበሉ የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። በካቶሊክ ነገሥታት በምትመራው አገር ኑሯቸው የሰላም አልነበረም። ኦገስት 24 ቀን 1572፣ በቅዱስ በርተሎሜዎስ ዕለት በፓሪስ የተጀመረው ጭፍጨፋ በሺዎች የሚቆጠሩትን ፈጀ። በ1598 ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ የናንትን አዋጅ አውጥቶ የአምልኮ መብት ሲሰጣቸው ጥቂት ተነፈሱ። እፎይታው ግን አልዘለቀም። በ1681 በሉዊ 14ኛ ዘመን ወታደሮች በፕሮቴስታንቶች ቤት በተሠሪነት እንዲሰፍሩ መደረግ ጀመረ፤ ባለቤቱ ሃይማኖቱን እስኪለውጥ ድረስ ወታደሩ የቤቱን እህል እየበላ፣ ዕቃውን እየሰበረ ይቀመጣል። በኦክቶበር 1685 ንጉሡ የናንትን አዋጅ ጨርሶ ሻረው።

አዲሱ አዋጅ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ ፓስተሮቹም በ15 ቀን ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። ምእመናኑ ግን እንዳይወጡ ተከለከሉ። ሲሸሽ የተያዘ ወንድ በንጉሡ የጦር ጀልባዎች ላይ በሰንሰለት ታስሮ ቀዛፊ ይሆናል፤ ሴቷ ወህኒ ትገባለች። ያም ሆኖ ከ150,000 እስከ 200,000 የሚገመቱ ሰዎች ሌሊት በድንበር ሾልከው፣ በወይን በርሜል ተደብቀው፣ ጠባቂውን በገንዘብ ደልለው ወጡ። ሆላንድ፣ እንግሊዝ፣ ፕሩሲያና ስዊዘርላንድ ተቀበሏቸው።

ከሸሹት መካከል እጅግ ጥቂቶቹ የኬፕን መንገድ ያዙ። የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ኬፕ በሚባለው በመልካም ተስፋ ርዕሰ ምድር በ1652 የመርከብ ማረፊያ ጣቢያ አቋቁሞ ነበር። ወደ ሕንድና ወደ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች የሚጓዙ መርከቦቹ እህል፣ ሥጋና ወይን ይፈልጋሉ፤ ይህን የሚያመርት ገበሬ ደግሞ አነሰው። በሆላንድ ከተሞች ተጠልለው ሥራ ያጡት ፈረንሳውያን መሬት እንዲያለሙለት መለመላቸው። ፎርስሆተን የተባለችው መርከብ በ1687 የመጨረሻ ቀን ከሆላንድ ተነሥታ በኤፕሪል 1688 ኬፕ ደረሰች። ኦስተርላንድ፣ በርግ ቻይና እና ሌሎችም ተከተሏት። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት የገቡት ሁጉኖቶች ቁጥር ወደ 180 ይጠጋል። አስቡት፤ ዛሬ ስማቸው በመላው ደቡብ አፍሪካ የሚጠራው እነዚያ ሁሉ ቤተሰቦች የወጡት በአንድ ቀበሌ ስብሰባ አዳራሽ ሊቀመጥ ከሚችል ሕዝብ ነው።

መሬት የተሰጣቸው ድራከንስታይን በሚባለው ሸለቆና ዛሬ ፍራንስሁክ በምትባለው አካባቢ ነው። ፍራንስሁክ ከእነሱ በፊት በደች ቋንቋ የዝሆኖች ጥግ ትባል ነበር፤ ከብት የሚያግዱባት ኮይኮይ የሚባሉት የአገሬው ተወላጆች ነበሩ። አዲሶቹ ሰፋሪዎች ለእርሻዎቻቸው የናፈቁትን አገር ስም ሰጡ፦ ፕሮቫንስ፣ ሻምፓኝ፣ ቡርጎኝ፣ ላ ሞት። የነዚያ እርሻዎች አንዳንዶቹ ዛሬም በዚያው ስም ወይን ይጠምቃሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ገዥው ሲሞን ቫን ደር ስቴል ፈረንሳውያኑ ለብቻቸው አንድ መንደር እንዳይሆኑ አስቦ ከደች ገበሬዎች ጋር አሰባጥሮ አሰፈራቸው። እነሱ ደግሞ የራሳችን ጉባኤ ይኑረን ብለው ጠየቁ። ገዥው ተቆጣ፤ ኩባንያው ግን በኋላ ፈቀደላቸው። በፓስተራቸው በፒየር ሲሞን መሪነት በ1691 የድራከንስታይን ጉባኤ ተመሠረተ። ነገር ግን በ1701 ኩባንያው ልጆቻቸው በደች እንዲማሩና ቋንቋው ቀስ በቀስ እንዲተካ ወሰነ። ፓስተር ሲሞን በ1702 ኬፕን ለቀቀ። በእሱ ቦታ የመጣው አገልጋይ በደች እንዲሰብክ ታዘዘ፤ ፈረንሳይኛው ደች ለማይገባቸው አረጋውያን ብቻ ተተወ። በ1750ዎቹ መጀመሪያ ኬፕ ላይ ተቀምጦ ከዋክብትን ያጠና የነበረው ፈረንሳዊው አባ ደ ላካይ ቋንቋው በዕድሜ በገፉት ዘንድ ብቻ እንደቀረ ጽፏል። ከመጡበት ቀን አንሥቶ ቢቆጠር የሁለት ትውልድ ዕድሜ መሆኑ ነው።

ቋንቋው ሄደ፤ የራሳቸው የሆነው ቤተ ክርስቲያን ከደቹ ተዋሐደ፤ ልጆቹ ከደችና ከጀርመን ተጋቡ። እንግዲህ የዘር ሐረጋቸው ያልጠፋው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው ቤተሰቡ ታሪኩን ስለሚወድ፣ አያት ለልጅ ልጅ ስለሚያወራ ነው ይል ይሆናል። ወግ የራሱ ድርሻ አለው። ዋናውን ሥራ የሠሩት ግን ስለ ሁጉኖት ቅርስ አንድም ቀን ያላሰቡ ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ፣ ግብር ሰብሳቢውና የሟች ንብረት ቆጣሪው። እያንዳንዳቸው ለሥራቸው ሲሉ የጻፉት ወረቀት በቤተ መዛግብት ተቀምጧል። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው የጥምቀት መዝገብ ነው። ገጹ ላይ ቀኑ፣ የሕፃኑ ስም፣ የአባትና የእናት ስም፣ በመጨረሻም የምስክሮቹ ስም ይጻፋል። ለዘር ሐረግ አጥኚ ከሕፃኑ ስም ባልተናነሰ የሚጠቅሙት እነዚህ ምስክሮች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ አጎት፣ አክስት ወይም አያት ስለሆኑ የሰፊውን ዘመድ መረብ ያሳያሉ። ሌላም መልካም ነገር አለ፤ በደች ልማድ ሴት ካገባችም በኋላ በመዝገብ የምትጻፈው በአባቷ ቤት ስም ነው። በዚህ ምክንያት የእናት ወገን ተፈልጎ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። በኬፕ ልጅ የሚሰየመው በሥርዓት ነበር፦ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት፤ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ በእናቷ እናት፣ ሁለተኛዋ በአባቷ እናት ስም ይጠራሉ። አምስት ወንድማማቾች እያንዳንዳቸው የበኩር ወንድ ልጃቸውን በአባታቸው ስም ቢጠሩት፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ስማቸውም የቤተሰብ ስማቸውም አንድ የሆነ አምስት የአጎት ልጆች ይገኛሉ። እኛ ዘንድ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ሰባት ቤት ሲቆጥር በየትውልዱ አዲስ ስም ስለሚገባ ሐረጉ በራሱ ይለያል። በኬፕ ግን የቤተሰብ ስሙ አይለወጥም፤ የመጠሪያ ስሙም ተመልሶ ይመጣል።

ይህን ውጥንቅጥ የፈታው ክሪስቶፈል ኩትሴ ደ ቪሊየርስ የሚባል የኬፕ ሰው ነው፤ እሱ ራሱ ከሁጉኖት ቤተሰብ የወጣ ነበር። ዕድሜውን መዝገብ ሲያገላብጥ ቆይቶ የድሮዎቹን የኬፕ ቤተሰቦች የትውልድ ዝርዝር አዘጋጀ። ሥራው ታትሞ የወጣው ከሞተ በኋላ በ1893 እና በ1894 ነው። በ1966 ደግሞ ኮርኔሊስ ፓማ የሚባል ሌላ አጥኚ አርሞና አስፋፍቶ አሳተመው። በእነዚህ ሰዎች ስም የሚጠራው የአቆጣጠር ዘዴ ቀላል ስለሆነ እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አብራችሁን ጻፉ።

ወደ አገሩ መጀመሪያ የመጣው አባት "ኤ" ይባላል። ልጆቹ በሙሉ "ቢ" ናቸው፤ በልደት ቅደም ተከተላቸው ቢ1፣ ቢ2፣ ቢ3 እየተባሉ ይቆጠራሉ። የልጅ ልጆች "ሲ"፣ ከዚያ በታች ያሉት "ዲ" እያሉ ይወርዳሉ። አንድ ሰው "ቢ3፣ ሲ2፣ ዲ5" ተብሎ ቢጻፍ፣ የመሥራቹ አባት ሦስተኛ ልጅ፣ የዚያ ሰው ሁለተኛ ልጅ፣ የእሱም አምስተኛ ልጅ ማለት ነው። ስማቸው አንድ የሆነ አምስት የአጎት ልጆች በዚህ መንገድ አይምታቱም። ዘዴው ለማንኛውም ቤተሰብ ያገለግላል፤ ኮምፒውተርም አይጠይቅም።

ሁለተኛው ሰነድ የግብር መዝገብ ነው። ኩባንያው በየዓመቱ እያንዳንዱን አባወራ ያለህን አስቆጥር ይለው ነበር። መዝገቡ በዓምድ የተከፋፈለ ነው፦ የባል ስም፣ የሚስት ስም፣ የወንድና የሴት ልጆች ቁጥር፣ ፈረስ፣ ከብት፣ በግ፣ የወይን ተክል፣ የተመረተ ወይን፣ የተዘራና የታጨደ ስንዴ፣ ጠመንጃ። ዓመታቱን አከታትሎ ላነበበው የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ይገለጥለታል። ባዶ እጁን የመጣው ስደተኛ ከዓመት ወደ ዓመት ሁለት በሬ፣ ከዚያ መንጋ፣ ከዚያ በሺዎች የሚቆጠር የወይን ተክል ሲያስመዘግብ ይታያል። በዚያው ገጽ ሌላ ዓምድም አለ፤ ባሪያዎች የሚል። እዚያ ስም የለም። ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈው።

ሦስተኛው ሰነድ የሟች ንብረት ቆጠራ ነው። ኬፕ ላይ የወላጅ አልባ ልጆችን ውርስ የሚጠብቅ ቦርድ ነበር። አባወራ ወይም እመቤት ሞተው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከተዉ የቦርዱ ሰዎች ቤቱ ድረስ ሄደው ከክፍል ወደ ክፍል እየገቡ ይቆጥራሉ፦ አልጋው፣ መጽሐፍ ቅዱሱ፣ የመዳብ ድስቱ፣ የወይን በርሜሉ። ከቤት ወጥተው ወደ ጋጣው ሲሻገሩ ከፈረሱና ከከብቱ ጋር በባርነት የተያዙትን ሰዎች ይጽፋሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን በስም ነው። ከ1673 እስከ 1834 የተጻፉት እነዚህ ቆጠራዎች በዘመናችን ተገልብጠው ለአጥኚዎች ክፍት ሆነዋል። የግብሩ መዝገብ በቁጥር ያለፋቸውን ሰዎች ስም አንዳንዴ ማግኘት የሚቻለው የጌታቸው ንብረት ሲቆጠር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ እስካሁን ያየነው መዝገብ እንዴት እንደሚረዳ ነው። አሁን ደግሞ ስም እንዴት እንደሚያሳስት እንመልከት።

አንደኛ፣ ስም በጸሐፊው ጆሮ ይለወጣል። ደቹ ጸሐፊ የፈረንሳዩን ስም የሚጽፈው እንደሰማው ነው። በ1671፣ ከብዙዎቹ ቀድሞ ኬፕ የደረሰው ሠረገላ ሠሪ ፍራንሷ ቪልዮን ይባል ነበር፤ ዘሮቹ ዛሬ ፊልዩን ይባላሉ። ክሮኒዬ የነበረው ክሮንየ ሆኗል፤ ፒናር ደግሞ አሁንም ፒናር ተብሎ ቢነገርም በላቲን ፊደል የሚጻፍበት መንገድ ተለውጧል። የዛሬውን አጻጻፍ ብቻ ይዞ የፈረንሳይን መዝገብ የሚፈልግ ሰው አያቱ በፊቱ ተቀምጠው እያሉ ያልፋቸዋል።

ሁለተኛ፣ የቤተሰብ ስም የሚከተለው የአባትን መስመር ብቻ ነው። የሁጉኖት ልጅ የሆነች ሴት ጀርመናዊ ወታደር ብታገባ ልጆቿ የጀርመኑን ስም ይይዛሉ። ስለዚህ ስሙ ፈረንሳይኛ ካልሆነ ሰው ይልቅ ዱ ቶይ የሚባለው የበለጠ የሁጉኖት ዘር አለው ማለት አይቻልም፤ አንዳንዴ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። የሁጉኖት ስም የያዙ የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ሁሉ ነጮች አይደሉም። ስደተኞቹ እርሻቸው ሲሰፋ እንደ ጎረቤቶቻቸው ባሪያ ገዝተው አሠሩ። ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ፣ ከሕንድና ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች ተይዘው የመጡት ሰዎች የወላጆቻቸው ስም አልተጻፈላቸውም። በመዝገብ ላይ የተገዙበት አገር ስም ተቀጥሎባቸው "የቤንጋሉ"፣ "የማዳጋስካሩ" ይባላሉ፤ እዚያው የተወለደው "የኬፑ" ይባላል። ሌሎች ደግሞ በወር ስም ተጠሩ፤ ዛሬም ፌብሩዋሪ ወይም ሴፕቴምበር የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸው ሰዎች በኬፕ ይኖራሉ። አንዳንዶች ከጌታቸው ተወልደው ወይም ነጻ ሲወጡ የጌታቸውን ስም ይዘው ቀሩ። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1834 ነው፤ ነጻ የተባሉት ሰዎች ግን አራት ዓመት በ"ሥራ ልምምድ" ስም ከጌቶቻቸው ዘንድ ቆይተው በዲሴምበር 1838 ተለቀቁ።

የታሪክ ተመራማሪው ሃንስ ሄሰ በ1984 ያሳተመው መጽሐፍ ከ1652 እስከ 1795 በኬፕ የተፈጸሙ የተለያየ ዘር ያላቸውን ሰዎች ጋብቻና ግንኙነት ከመዝገቡ እያወጣ በስም ዘረዘረ። ዘመኑ ሰው በቆዳ ቀለሙ የሚለይበት የአፓርታይድ ሥርዓት ነበር። "ንጹሕ ነጭ ነን" የሚሉ ታዋቂ ቤተሰቦች የሴት አያቶቻቸው ከሕንድ ወይም ከአፍሪካ እንደመጡ ሲነገራቸው ጫጫታው ከፍ ያለ ሆነ። መዝገቡ ግን ያው የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ነው፤ ፈረንሳዊውን አያት ያስገኘላቸው መዝገብ ባሪያዋንም አያት አስገኘላቸው። አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መጣል አልሆነላቸውም።

ከዚሁ ጋር የምትነሣ አንዲት ሐውልት አለች። ፍራንስሁክ የገባ ጎብኚ ሦስት ቅስት ያለውን የሁጉኖቶች መታሰቢያ ያያል። ከቅስቶቹ ፊት በሉል ላይ የቆመች ሴት በቀኝ እጇ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በግራዋ የተበጠሰ ሰንሰለት ይዛለች፤ የጭቆናን ካባ ከትከሻዋ ስትጥል ትታያለች። የቀረጻት ኩርት ስቴይንበርግ ነው። መታሰቢያው የተመረቀው ኤፕሪል 17 ቀን 1948 ነው። በሚቀጥለው ወር፣ ሜይ 26 ቀን፣ የአፓርታይድን ሥርዓት ያወጀው ብሔራዊ ፓርቲ ምርጫውን አሸነፈ። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዳንኤል ፍራንሷ ማላን የሚባል ሰው ነበር፤ የቤተሰቡ ስም ከፕሮቫንስ በስደት ከመጣው ከዣክ ማላን የወረደ ነው። በሃይማኖት የተሰደደ ሰው ዘር በቆዳ ቀለም የሚለይ መንግሥት መሪ ሆነ። ፍራንስሁክን የሚጎበኝ ሰው ሁለቱን ቀኖች አብሮ ቢያስታውሳቸው ሐውልቷን በሙሉ ዐይን ያያታል።

(አጭር ሙዚቃ)

በዚያው አገር ቤተ መዛግብት ውስጥ የኛን አገር ልጆች የሚመለከት ሰነድም አለ። በ1888 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ያዘ። ከውስጣቸው የተገኙት በአብዛኛው ከኦሮሞ አገር የተነጠቁ ልጆች ነበሩ። መጀመሪያ በኤደን አጠገብ ባለ የስኮትላንድ ሚስዮን ቆዩ። ብዙዎቹን ሕመም ስላጠቃቸው በ1890 ስልሳ አራቱ በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ተወሰዱ። በዚያ ዘመን የተደረገው ነገር ከግብር መዝገቡ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። አስተርጓሚ ተቀምጦ እያንዳንዱ ልጅ በየተራ ተጠየቀ፦ ስምህ ማነው? አባትህ ማን ይባላል? እናትህስ? መንደርህ የት ነው? ማን ያዘህ? በየት አሳለፉህ? መልሳቸው ተጻፈ።

ከእነዚህ ልጆች አንዷ ቢሾ ጃርሳ ነበረች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር የታወቀ የቋንቋ ሊቅና የነጻነት ታጋይ ነበር፤ በሮበን ደሴት ከ1964 እስከ 1974 ታስሯል። ታሪክ ተመራማሪዋ ሳንድራ ሼል የ64ቱን ልጆች ቃል መሠረት አድርጋ በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ የተያዙበትን ቦታና የተጓዙበትን መንገድ በካርታ ሳይቀር አሳይታለች። ኬፕ ላይ በቁጥር የተጻፉት ሰዎች ዘሮች እስከ ዛሬ ይፈልጋሉ። ስማቸውና መንደራቸው የተጠየቁት የላቭዴል ልጆች ዘሮች ግን አያታቸው ከየት እንደመጣች ማወቅ ይችላሉ። ልዩነቱን የፈጠረው በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተጠየቁ ጥቂት ጥያቄዎች ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሁጉኖቶቹ እንመለስና ፍለጋው ባሕር ሲሻገር ምን እንደሚገጥመው በአጭሩ እንይ። የኬፕ መዝገብ እስከ 1688 ያደርሳል። ከዚያ በፊት ያለው ፈረንሳይ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ብዙው የፕሮቴስታንት መዝገብ በስደቱ ዘመን ጠፍቷል። በአገር ውስጥ የቀሩት ፕሮቴስታንቶች በየዱሩና በየዋሻው በድብቅ እየተጋቡ ኖሩ፤ ልደታቸው፣ ጋብቻቸውና ሞታቸው በሕግ የታወቀላቸው በ1787 ነው። ስለዚህ አጥኚው ብዙ ጊዜ መንገዱን በስደት ከተሞቹ በኩል ያዞራል። ሆላንድ ውስጥ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ጉባኤዎች የመዘገቡት ጥምቀትና ጋብቻ በካርድ ተደራጅቷል። በፓሪስ ደግሞ በ1852 የተቋቋመው የፈረንሳይ ፕሮቴስታንት ታሪክ ማኅበር አለ። የዘር ሐረግን ማረጋገጥ በአንድ ወቅት ከስሜት ያለፈ ጥቅምም ነበረው፤ ፈረንሳይ በዲሴምበር 1790 ባወጣችው ሕግ በሃይማኖት የተሰደዱ ሰዎች ዘሮች ወደ አገሩ ተመልሰው ዜግነት እንዲያገኙ ፈቅዳ ነበር። መብቱ የተነሣው በ1945 ነው።

ቅርሱ በወረቀት ብቻ አልተወሰነም። ከ1967 ጀምሮ ፍራንስሁክ ላይ የሁጉኖቶች መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ሕንፃው ራሱ ታሪክ አለው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኬፕ ታውን ውስጥ የተሠራ ሳስፌልት የሚባል ቤት ነበር፤ ሊፈርስ ሲል ቁሳቁሱ ተጓጉዞ ፍራንስሁክ ላይ እንደገና ተገነባ። በየቤተሰቡ እጅ ደግሞ ትልልቆቹ የደች መጽሐፍ ቅዱሶች አሉ። በባዶ ገጾቻቸው ላይ የልጆች ልደት፣ የወላጆች ዕረፍት በየትውልዱ የእጅ ጽሑፍ ተከታትሎ ሰፍሯል። ቤተ ክርስቲያን ቢቃጠል፣ መዝገብ ቢጠፋ እንዲህ ያለው ገጽ ይተካል።

አድማጮች፣ ከዚህ ሁሉ ለራሳችን የምንወስደውን በስድስት ነጥብ እናጠቃልለው።

አንድ፤ ከራሳችሁ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ከታወቀ ሰው ተነሥቶ ወደ ራስ ለመውረድ የሚሞክር ሰው መዝገቡ ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ ምኞቱን ይሞላበታል።

ሁለት፤ ሽማግሌዎችን ስትጠይቁ በዝርዝር ጠይቁ። "የድሮ ታሪክ ንገሩኝ" ከማለት "የክርስትና እናትዎ ማን ነበሩ? የትኛው ቤተ ክርስቲያን? መሬቱ በማን ስም ነበር?" ማለት ይሻላል። ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደነገራችሁም ጻፉ።

ሦስት፤ አንዱ ከሌላው ያልተቀዳ ሁለት ማስረጃ ሳታገኙ ዝምድናን እርግጥ ነው አትበሉ። ሁለት መጽሐፍ አንድ ነገር ቢናገሩም ሁለተኛው ከመጀመሪያው ገልብጦ ከሆነ ያለው ማስረጃ አንድ ነው።

አራት፤ ስምን በሰነዱ ላይ እንዳለ ገልብጡ፤ አታርሙት። በውጭ አገር የምትኖሩ አድማጮቻችን ይህን በተለይ ልብ በሉት። በወንድማማቾች ፓስፖርት ላይ የአንድ አያት ስም በተለያየ ፊደል ሲጻፍ ታውቃላችሁ። የልጅ ልጆቻችሁ እንዳይምታታባቸው ሁሉንም አጻጻፍ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ አስቀምጡ።

አምስት፤ እናቶችን፣ በማደጎ ያደጉ ልጆችን፣ በቤቱ ሲያገለግሉ የኖሩ ሰዎችን አትዝለሉ። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቁ። የኬፕ ግብር ሰብሳቢ በቁጥር ያለፈውን እናንተ በስም ጻፉት።

ስድስት፤ ወረቀትና ፎቶግራፍ ጠብቁ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፣ ኦሪጅናሉንም ላሚኔት አታስደርጉ፤ ሙጫው ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል፣ ላሚኔቱ ደግሞ አይላቀቅም። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት። በፎቶው ጀርባ የሰዎቹን ስም በእርሳስ ቀስ ብላችሁ ጻፉ። በስልካችሁ ጥርት ያለ ምስል አንሡና ቅጂውን በተለያየ ቤት በሚኖሩ ሁለት ዘመዶች ዘንድ አኑሩ።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ከቤተሰባችሁ በዕድሜ ትልቅ ወደሆነው ሰው ሂዱና በቁጥር ሁለት የነገርናችሁን ጥያቄዎች ጠይቁ። መልሱን የኬፑን ዘዴ ተጠቅማችሁ፣ መሥራቹን "ኤ" ብላችሁ፣ በአንድ ገጽ ላይ አስፍሩት። ገጹ ላይ ባዶ የቀረ ቦታ ካለ ባዶውን ተዉት፤ ገምታችሁ አትሙሉት። ማስረጃ ያገኘ ሰው በኋላ ይሞላዋል።

 

(የመለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ይቆማል)